መርዶ ነጋሪው አባቴ

ኮምቦልቻ፣ እኛ ሰፈር፣ አባቴ በሺር ገና ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ከሁለት ሽማግሌ ጋር መንገድ ላይ ከታየ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ "ያ ረቢ፣ ወደ እኛ ቤት አይሁን" ይላል። አባቴ መርዶ ነጋሪ ነው። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይከፍለው። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ስለ ፋብሪካው ግን የሚጠይቀው የለም። ሰው ሲሞት ነው የሚፈለገው።

ወጉን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። ዘመድ የሞተበት ሰው ሱብሒ ሰግዶ አንድ ሁለት ጉርሻ እስኪቀምስ ይጠብቃል፤ መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማም ይላል። ከዚያ ውኃ ያስመጣል። አጠገቡ ቁጭ ይልና እጁን ይይዘዋል። "ሞተ" የምትለዋ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። "ትንሽ አሞት ነበር" ብሎ ይጀምርና "ኋላ ጠናበት" ይላል፤ ቀስ እያለ "አላህ የሰጠውን ወሰደ" ላይ ይደርሳል። ሰውየው ቢጮህ፣ ቢፈራገጥ እጁን አይለቅም። ደሴ ድረስ መኪና ተልኮለት ሄዶ አርድቷል። እኔ የበኩር ልጁ ሀይደር በዚህ ስኮራ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ሳወራው ራሱ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ታናሽ እህቴ ሰልዋ ፋብሪካ አብረዋት ከሚሠሩ ልጆች ጋር፣ ለማንም ሳትናገር፣ በጅቡቲ ባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ልትገባ ወጣች። በሁለተኛው ወር ጀልባዋ ኦቦክ አጠገብ ተገለበጠች ተባለ። የተረፉ ሁለት ልጆች ተመልሰው "ስትሰምጥ በዓይናችን አይተናል" አሉ። እናቴን አልጣሽን ያን ቀን ያረዳት አባባ ራሱ ነው፤ ቁርስ አብልቶ፣ እጇን ይዞ። ድንኳን ተተከለ። መስጊድ ውስጥ አስከሬን ለሌለው ሰው የሚሰገደው ሰላት ተሰገደላት። ጎረቤታችን ጋሽ ገበየሁ ክርስቲያን ሆነው ሳለ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ንቅንቅ አላሉም። ሸሆቹ "ባሕር የወሰደው ሙስሊም ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው፣ አብሽሩ" ብለው አጽናኑን። እማዬ ይህቺን ቃል ይዛ ነው በእግሯ የቆመችው። የሰልዋን ልብስ አጣጥባ ወላጅ ለሌላቸው የቲሞች ሰጠች። ዓመት በመጣ ቁጥር ሰደቃ ታወጣላታለች።

ሰልዋ አልሞተችም ነበር። ዓሣ አጥማጆች አውጥተዋታል።

እኔ ይህን የሰማሁት ዘንድሮ፣ አባባ ለሐጅ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ሸህ ከሊድ ለተጓዦቹ ምክር ሲሰጡ "የሰው ሐቅ ተሸክማችሁ ካዕባን አትዙሩ፤ የበደላችሁትን ሁሉ አፉ በሉን ብላችሁ ሂዱ" አሉ። በማግስቱ አባባ ደረቅ ወደብ ድረስ መጣ። እኔ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነኝ፤ መኪናዬ ሥር ገብቼ የፍሬን ቱቦ እያየሁ ነበር።

"መቼ ነው የምትወርድ?" አለኝ።

"ሐሙስ። ባዶዬን ወርጄ ማዳበሪያ ልጭን ነው።"

"እኔንና እናትህን ይዘኸን ውረድ። ባሕሩ ዳር ቆማ ዱዓ ማድረግ ትፈልጋለች።"

እውነቱን ነው፣ እማዬ ይህን ስትመኝ ኖራለች። "እሺ፣ ደስ ይለኛል" አልኩት። እሱ ግን አልሄደም። የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለና መሬት መሬቱን እያየ ነገረኝ። ሰልዋ አለች። ጅቡቲ ከተማ፣ በልበላ። የስድስት ዓመት ልጅ አላት። ለቅሶው ባለፈ በአራተኛው ወር ለእሱ ደውላለታለች።

መጀመሪያ የሳቅኩ ይመስለኛል። ከዚያ የማወርደው ስድብ ጠፋኝ፣ አባት ነዋ! ጎማውን በርግጫ ብዬ እግሬን አሳመምኩት። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ከተማ ስመላለስ፣ በልበላ ገብቼ ሻይ ስጠጣ፣ የእህቴን ነፍስ ይማር ስል! "ለምን?" አልኩት። "ለምንድነው አባባ?"

"ነፍሰ ጡር ነበረች" አለኝ። "እዚያ ቤት ዘግቶ ይዟቸው ከነበረው ደላላ። ሸሂድ ናት ተብሎ የተለቀሰላት ልጅ ሆዷን ይዛ ብትመጣ ሰው ምን ይላል አልኩ። ትንሽ ቀን ይለፍ አልኩ። ቀኑ አለፈ። ኋላማ መዘግየቴን ራሱን በምን አፌ ልንገራት?"

"ለሰልዋስ ምን ስትላት ነው የኖርከው?"

"እናትሽ ልቧ ደካማ ነው፣ ድንገት ብትሰማ ትሞትብናለች፣ እስክነግራት አትደውዪ አልኳት። በየዒዱ ትደውላለች። እስካሁን አልነገርኳትም እላታለሁ።"

አጃኢብ ነው መቼም! የሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪ! እማዬ ደም ግፊት አለባት፤ የቀበርኳት ያለቻት ልጅ በር ከፍታ ብትወጣ ምን እንደምትሆን አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኩት። "ጋላፊ ሳንደርስ ትነግራታለህ። ድንበሩን ሳታውቅ አላሻግራትም። አንተ ካልነገርካት ወላሂ እኔ እነግራታለሁ" አልኩት።

"እነግራታለሁ" አለ። "መንገዱ ረጅም ነው።"

ሐሙስ ማለዳ ጋቢና ውስጥ ገባን። ረዳቴን አስቀርቼዋለሁ። አባባ መሐል፣ እማዬ በመስኮቱ በኩል። አዲስ ሻርፕ ለብሳለች፣ ቆሎ በፌስታል ይዛለች፣ ባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች። "ይሄ ምን ያደርግልሻል?" ብላት "ከባሕሩ ትንሽ ቀድቼ እመጣለሁ" አለችኝ። አባባን በጎን አየሁት። ዓይኑን ከአስፋልቱ አልነቀለም።

የባቲን ቁልቁለት ስንጀምር "አልጣሽ" አላት።

"አቤት።"

"ሙቀቱ ጀመረ አይደል?"

"ጀመረ እንጂ! መስኮቱን ዝቅ ላድርግልዎት?" አለችው። አርባ ዓመት ሙሉ "አንቱ" እያለችው ነው የኖረችው።

ባቲን አለፍን። ስለ ፍየሉ አወራ። ስለ ግራሩ አወራ። ይሄ ሰው በዕድሜው እንደዚያ አውርቶ አያውቅም። እኔ ማርሹን ባስገባሁ ቁጥር ክርኔን ወደ ጎኑ እሰደው ነበር፤ ሳላስበው ነው አልልም።

ሚሌ ለምሳ ወረድን። ሩዝና ፍየል ሥጋ አዘዝን፣ እማዬ ደህና አድርጋ በላች። አባባ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ አስተናጋጇን ጠርቶ ውኃ አስመጣ። ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠጋ። እጇን ያዘ። ተመስገን፣ አሁን ሊነግራት ነው ብዬ ተነስቼ ፈንጠር ልል ስል እማዬ እጇን አየች፣ ውኃውን አየች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማነው የሞተው?" አለች።

"ኧረ ማንም..."

"ሀይደር! ልጆችህ ደህና ናቸው? ቤት ደውል! ንገሩኝ እንጂ፣ ማነው የሞተብኝ?" ምግብ ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየን። አባባ እጇን ለቀቀ። "ማንም አልሞተም፣ አብሽሪ፣ ወላሂ ማንም አልሞተም" አላት። ስልክ አውጥቼ ከባለቤቴ ከሳሚያ ጋር እስካገናኛት አላመነችንም።

መኪናው ጥላ ሥር ወስጄ ያዝኩት። "ምን ነካህ? በዚያ እጅህ ሰው ማስለቀስ ብቻ ነው የምታውቀው?"

"ሌላ አላውቅም" አለኝ። "ለሞት ወጉን አውቀዋለሁ። አለች ብሎ መንገርን ማን አስተማረኝ?" አዘንኩለት፤ ያዘንኩለት ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ዲሼቶ አደርን። ሱብሒ ላይ ስንሰግድ እማዬ ከኋላችን ነበረች፣ ሰላቱ ሲያበቃ እጇን ዘርግታ ዱዓዋን ጀመረች። "ያ አላህ፣ የሰልዋዬን ቀብር ሰፊ አድርግላት፣ ብርሃን አድርግላት።"

"አሚን" አለ አባባ።

ሰማችሁ? አሚን አለ! በሕይወት ላለች ልጅ ቀብር! "አሁን እነግራታለሁ" ብዬ አፌን ከፈትኩ። እማዬ ግን ቀና ስትል ፊቷ እንደዚያ ረግቶ፣ ወደ ልጇ ባሕር ልትደርስ ጥቂት ሰዓት ቀርቷት፣ በደስታ ብጤ ስታየኝ አፌን መልሼ ዘጋሁ። አባባን የምኮንነው እኔ ራሴ አቃተኝ። አፍሬ ሞተር አስነሳሁ።

ጋላፊ ረፋድ ላይ ደረስን። መኪናውን ተራ አስይዤ ፓስፖርታቸውን ይዘን መስኮቱ ፊት ቆምን። "ለምን ጉዳይ ሲሉህ ዘመድ ጥየቃ በል" ብዬ አባባን አስጠንቼዋለሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ትሑት ነው፣ የሰልዋ እኩያ።

"አባቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሻገሩት?"

አባባ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። እማዬ በግራው፣ እኔ በቀኙ ነን። ልጁ ደግሞ ጠየቀው።

"ልጄን ልጠይቅ" አለ አባባ።

"ልጅዎ የት ነው ያሉት?"

"በልበላ።"

"ስማቸው?"

"ሰልዋ በሺር።"

ልጁ መጻፍ ጀመረ። እማዬ "የትኛዋ ሰልዋ?" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ የተሳሳተ ሰው እንደምታርም ዓይነት። አባባ ወደ እሷ አልዞረም። ለዩኒፎርሙ ማውራት የቀለለው ይመስል ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ ቀጠለ። "ሰባት ዓመቷ ነው እዚያ ስትኖር። አልሰመጠችም። በሕይወት አለች፣ ልጅም ወልዳለች። እኔ አውቅ ነበር። እናቷ አታውቅም፤ ይቺውልህ እዚህ ቆማለች።"

የልጁ እስክሪብቶ ቆመ። ብድግ ብሎ ወንበሩን በበሩ በኩል ይዞ ወጣ። "እማማ ይቀመጡ፣ በአላህ ይቀመጡ" አላት። አልተቀመጠችም። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። እኔን አየችኝ።

"አንተም ታውቅ ነበር?"

"ከአራት ቀን ወዲህ ነው እማዬ።"

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። "ማኅተሙን ጨርሰህልኛል?"

"አዎ እማማ።"

ፓስፖርቷን ከእጁ ተቀብላ ብቻዋን ወደ መኪናው ሄደች። እኔ እያገዝኳት ትወጣው የነበረውን ደረጃ እሷ ራሷ ወጣችው።

ከጋላፊ ተነሳን። እማዬ ከወንበራችን ኋላ ባለው የሾፌር መኝታ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ዲኪልን ስናልፍ ድምጿ መጣ።

"አንተ" አለችው።

በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ብላ ስትጠራው አልሰማሁም። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ።

"ሸሂድ ናት እያልክ ስታጽናናኝ የኖርከው አውቀህ ነው?"

"አዎ።"

"ማታ ማታ ሳለቅስ ትሰማኝ ነበር?"

"እሰማሽ ነበር።"

"እና እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?"

አባባ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገ፣ እስከ ከተማው አላወረደውም።

በልበላ መግቢያ ላይ መኪናውን አቁሜ በእግራችን ገባን። ሰልዋ አስቀድሜ ስለደወልኩላት ከቆርቆሮ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከአጠገቧ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ዊዳድ፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች። እማዬ ዘጠኝ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከዚያ ሄደችና ፊቷን ዳሰሰቻት፣ ጆሮዋን ዳሰሰቻት፣ ልጅ ሳለች በር የመታት ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ አሸችው።

"ከስተሻል" አለቻት።

ሰልዋ ይሄኔ ነው ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው። ሁለቱም በሩ ላይ ቁጭ ብለው ሲላቀሱ ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቿ ወጡ፣ ሰው የሞተ መስሏቸው። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ!

አባባ ውጭ ቆሞ ነበር። ኋላ ሰልዋ ወጥታ ጉልበቱን ሳመችው። "አፉ በይኝ ልጄ" አላት። "አፉ ብዬሃለሁ አባባ፣ አንተም አፉ በለኝ" አለች፣ ወዲያው፣ ሳታንገራግር። እኔ ብሆን አንድ ዓመት አስለምነው ነበር። ከዚያ እማዬን፣ "አልጣሽ፣ አፉ በይኝ" አላት።

እማዬ ዊዳድን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ማበጠሩን አላቆመችም።

"አልችልም" አለች። "ተናድጄ አይደለም። አፉ ብልህ በአፌ ብቻ ይሆናል፣ አላህም ያውቀዋል። ሐጅ ሂድም አልልህም፣ አትሂድም አልልህም። እኔ እዚህ እቆያለሁ። አንተ ግን ኮምቦልቻ ግባና ለቅሶ የደረሰውን ሰው ሁሉ በየበሩ ሄደህ ንገር። እኔም፣ ልጄም፣ ይቺም ልጅ በዚያ ሰፈር ስናልፍ አንገታችንን የምንደፋበት ምክንያት አይኑር።"

"እሺ" አለ።

"ሽማግሌ ይዘህ እንዳትሄድ። ብቻህን።"

ባሕሩ ዳር ሳንቆም ማዳበሪያውን ጭነን ተመለስን፣ እኔና እሱ። በመካከላችን የእማዬ የቆሎ ፌስታል ነበር፣ ሁለታችንም አልነካነውም።

አባባ ቃሉን ጠበቀ። ሦስት ማለዳ ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ዞረ። ሰው በሩን ሲከፍትለት ገና ከመድረሱ "ወይኔ! ማን?" እያለ ደረቱን ይይዛል። እሱም "ሰልዋ አልሞተችም። አለች። እያወቅሁ ያስለቀስኳችሁ እኔ ነኝ፣ አፉ በሉኝ" ይላል። እልል ያለ አለ። በሩን የዘጋበት አለ። ጋሽ ገበየሁ ሁሉንም ሰምተው ጨርሰው፣ "እኔ አፉ ብያለሁ፤ ነገር ግን በሺር፣ ከእንግዲህ መርዶ ይዘህ እኔ ዘንድ አትምጣ። አላምንህም" አሉት። ከዚያ ወዲህ ለመርዶ የሚጠራው ሰው የለም። ሐጅም አልሄደም። ሸህ ከሊድ ቢለምኑት "ትልቁ ሐቅ እላዬ ላይ ነው ያለው" ብሎ ተራውን ለሌላ ሰው ለቀቀ።

እማዬ እዚያው ነች። ሰልዋ የምትሠራላቸው ሰዎች የመኖሪያ ወረቀቷን አስጨርሰውላታል። በወር ሁለት ጊዜ ስወርድ አያታለሁ። በወረድኩ ቁጥር "አባባ አፉ በይኝ ብሏል" እላታለሁ፣ በወረድኩ ቁጥር "አልቻልኩም በለው" ትለኛለች። እሱ ደግሞ የምመለስበትን ቀን ቆጥሮ ደረቅ ወደቡ በር ላይ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ማየት ያስጠላኝ ነበር። አሁን እሱን ካጣሁት መኪናውን አቁሜ በዓይኔ እፈልገዋለሁ።

ያለፈው ሳምንት መጣ። ከጋቢናው ሳልወርድ፣ "ምን አለች?" አለኝ።

"አልቻልኩም ብላለች አባባ።"

ራሱን ነቀነቀ። ሁልጊዜ በዚህ ነበር የምንለያየው። ያን ቀን ግን የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ።

"ማታስ?" አለኝ። "ማታ ታለቅሳለች?"

አጋጣሚ ሆኖ ሰልዋን እኔም ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። "ኧረ ምን በወጣት!" ነበር ያለችኝ። "ኢሻ ከሰገደች ዊዳድን አቅፋ እስከ ሱብሒ ለጥ ነው። ታንኮራፋለች ብልህስ!" እንዳለችው ነገርኩት፣ ማንኮራፋቱንም ሳልቀንስ።

አባቴ በመርዶ ነጋሪነት ዘመኑ ሁሉ የሰው እጅ ይዞ ሌላው ሲያለቅስ ዓይኑ እርጥብ አይልም ነበር። እዚያ የወደቡ በር ላይ፣ ተራ የሚጠብቀው ሾፌር ሁሉ እያየው፣ የመኪናዬን ደረጃ ይዞ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ወርጄ ያዝኩት። ሲበቃው በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

"እንግዲያው እዚያው ትተኛ" አለኝ። "ሁለተኛ አፉ በይኝ ብሏል ብለህ እንዳትጠይቃት።"